ክሌም ዝም ያለ ዕለት

የኔሪዳ ፓስኮ ሥራ ሁለት ነገሮች ሊነካኩ ሲቃረቡ የሚሆነውን ማየት ነበር። ማይካ የሚባለውን፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በስሱ እየተላጠ የሚነሳውን ማዕድን በመርፌ ትሰነጥቅና ሁለቱን ገጾች ጨው ባለበት ውሃ ውስጥ ፊት ለፊት አድርጋ ቀስ በቀስ ታቀራርባቸዋለች። በመጨረሻ በመካከላቸው የሚቀረው ጥቂት ናኖሜትር ነው፤ የፀጉር ውፍረት እንኳ ከሱ ጋር ሲተያይ ትልቅ አጥር ነው። እዚያች ክፍተት ውስጥ ገጾቹ ይገፋፋሉ፣ ይሳሳባሉ፤ እሷ ኃይሉን ትለካለች። ታዲያ መሣሪያው ኮቴም ሳልም ይረብሸዋል። እኔ ከታች ባለው ዎርክሾፕ ብረት ሠራተኛ ስለነበርኩ፣ እሷ ስትለካ ብረት የምቀርጽበትን ቶርኖዬን አጥፍቼ እጄን አጣጥፌ እቀመጣለሁ።

እናቷ በሞተች ሰሞን አባቷን ክሌምን ከገጠሯ ከተማ ከኩማ አምጥታ ካንቤራ ቤቷ አስቀመጠችው። ክሌም ዕድሜውን ሙሉ በግ ሲሸልት የኖረ፣ አፉ የማያርፍ ሽማግሌ ነው። ባዶ ቤት መዋል ስላቃተው አብሯት ላቦራቶሪ መምጣት ጀመረ። ጥግ ላይ ወንበር ተሰጠው፤ ዝም እንዲልም ተነገረው።

ዝም አላለም።

"ይሄን ሁሉ ዓመት ተምረሽ ሁለት ስባሪ ድንጋይ ትጠብቂያለሽ?"

"አባዬ፣ እባክህ።"

"እሺ፣ እሺ። ግን እናትሽ ብታይሽ..."

መለኪያው ተንቀጠቀጠ። የጠዋቱ ልፋት ሁሉ ገደል ገባ።

"ለአንድ ሰዓት እንኳ አፍህን መዝጋት ያቅትሃል?" ብላ ስትጮህበት ታች ድረስ ተሰማኝ።

ክሌም ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ። ከዚያ በኋላ መምጣቱን ተወ። አንድ ጠዋት ኔሪዳ ዓይኗ ቀልቶ ወደ እኔ ወረደች።

"ኖርም፣ ትናንት ቤት ስገባ ከሬዲዮው ጋር ሲያወራ አገኘሁት። ሬዲዮው ደግሞ አልተከፈተም።"

"ታዲያ አምጪው እንጂ! አንቺ ስትለኪ እኔም ሥራ ፈት ነኝ።"

"አታውቀውም እኮ፤ ጆሮህን ይበላዋል።"

"ቶርኖው በልቶ ጨርሶታል። ምን ይቀረኛል?"

ክሌም ተመለሰ። እሷ ማይካ ስትሰነጥቅና ዕቃ ስታጥብ አጠገቧ ተቀምጦ እንደልቡ ያወራል፤ ያ ሥራ ዝምታ አይፈልግም። መለካት ስትጀምር የሻይ ፔርሙሱንና የበግ ሥጋ ሳንድዊቹን ይዞ ወደ እኔ ይወርዳል። ደጅ አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ምን ያላወራኝ አለ! ስለ በጎቹ፣ ስለ ድርቁ፣ ሚስቱ ኢዲ የጭነት መኪና ወደ ኋላ በመንዳት እንዴት እንደምትበልጠው። ስሟን ሲያነሳ ፊቱን ወደ ተራራው ያዞራል። እኔም ሻይ እጨምርለታለሁ።

አንድ ቀን "ልጄ የምታየውን ባይ ደስ ይለኝ ነበር" አለኝ። "ግን አፌን አላምነውም።"

ነገርኳት። ሕንጻው ባዶ በሆነበት ቅዳሜ ጠራችው፤ እኔ በሩ ጋ ቆምኩ። ክሌም መሐረቡን አጣጥፎ በጥርሱ ነከሰና በማጉያ መነጽሩ ለማየት ጎንበስ አለ። ኔሪዳ ገጾቹን የሚያቀራርበውን ብሎን በዝግታ ታዞራለች። በጨለማው ውስጥ የገጾቹን ርቀት የሚያሳዩ ባለ ቀለም የብርሃን መስመሮች እየተሳቡ ይሄዱና ገጾቹ ሲጣበቁ ድንገት ይዘላሉ። ሲዘሉ የክሌም ጀርባ ድንግጥ ሲል አየሁ። ድምፅ ግን አልወጣውም።

"ተነካኩ፣ አባዬ። አሁን መናገር ትችላለህ።"

መሐረቡን ከአፉ አውጥቶ ዓይኑን ጠረገበት። እጁን ማጅራቷ ላይ አሳረፈና እዚያው ተወው። እሷም ቁጥሩን ሳትጽፍ ቀረች።

ማታ ደወለችልኝ። "ቤት እስክንገባ ትንፍሽ አላለም፤ ታሞ ይሆን እንዴ?"

ሰኞ ሻይ ክፍል ስገባ ክሌም ፕሮፌሰሮቹን ሰብስቦ ይዟቸዋል። "መስመሮቹ አጥር እንደሚዘል በግ ነው የዘለሉት!" ይላል። "ልጄ እኮ ናት! የሁለቱ ድንጋይ ርቀት ይቺን ታክላለች!" ብሎ ጣቶቹን ያሳያል፤ በየንግግሩ ክፍተቱ እየሰፋ አንድ ስንዝር ሊሞላ ምንም አልቀረው። ኔሪዳ ከኋላው ቆማ፣ አንዴም ሳታርመው ሻይዋን ትጠጣለች።