መብራት ሲጠፋ ደስ የሚለው ሰው

በሚዛን ከተማ ዝናብ የሚያቆመው ትንፋሽ ለመውሰድ ብቻ ነው። ሰዉ ጃንጥላ ይዞ ተወልዶ ጃንጥላ ይዞ ያረጃል፤ ጫማ ደረቀ የሚባለውም በወሬ ነው እንጂ በዓይኑ ያየ የለም። በእንዲህ ያለ አገር፣ በከተማው እምብርት፣ ከአደባባዩ ጎን ፏፏቴ ሊሠራ ነው ሲባል፣ ሰይፈዲን ከሻይ ቤቱ በራፍ ቆሞ «ለቀባሪው አረዱት» አለ።

«ውሃ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ዕድሜያችንን ሙሉ በነፃ አይተናል። ከታች ወደ ላይ ሲወጣ ለማየት ነው እንግዲህ መንገዱ ሁሉ የታረሰው።»

ሰይፈዲን አባቱ ከጅማ ወገን መጥተው የከፈቱትን ሻይ ቤት የወረሰ፣ ከሻዩ ይልቅ ምላሱ የሚያቃጥል ሰው ነው። በረንዳው ላይ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። ወዳጁ ማቴዎስ ብቻ አልሳቀም። እሱ የሰማው ፏፏቴውን አይደለም፤ ከፏፏቴው ጎን የሚሠራውን አትክልት ስፍራ ነው። አትክልት ስፍራው በመንገድ ላይ ላለቁ የአገሬው ልጆች መታሰቢያ እንዲሆን ታስቧል። ቡና ጭነው ሲወጡ ጭቃ ላንሸራተታቸው፣ በጉም ውስጥ ለተጋጩ፣ ድልድይ ሲሻገሩ ጎርፍ ለወሰዳቸው። ቡናውን የሚጠጣው ዓለም ጣዕሙን ያውቃል። ከጫካ ወጥቶ አስፋልት እስኪደርስ ስንት ቤት ዳስ እንደሚጣል የሚያውቀው ግን አገሬው ብቻ ነው።

ከነዚያ ልጆች አንዱ የማቴዎስ ልጅ ቲቶ ነበር።

ቲቶ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። በነሐሴ ወር ከቴፒ ሲመለሱ ወንዙ ከድልድዩ በላይ ሞልቶ ጠበቃቸው። ሾፌሩ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ወጣ። መኪናውም ተገኘ፤ የቡና ጆንያዎቹም ውሃ ጠጥተው፣ አብጠው፣ ከታች ተገኙ። ቲቶ ግን አልተገኘም። አገር ተጠራርቶ ፈለገው። የማጂ ሰው ሳይቀር ከደጋው ወርዶ ዳር ዳሩን አሰሰ፤ ወንዙ ሰው ሲበዛበት የሚያፍር ይመስል። ወንዙ አላፈረም።

ዳስ ተጣለ። የሚቀበር ግን አልነበረም። የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች መጥተው ዘመሩ፤ አንዱ ሽማግሌም የቲቶን እናት ዶርቃን «እኅታችን፣ ተስፋ እንደሌላቸው ሆነሽ አታልቅሺ» ብለው በፍቅር መከሯት። ምክሩ ባይመጣም አታለቅስም ነበር። ዶርቃ እንባው እምቢ ብሏት ተቀምጣለች።

«ምን ይዤ ላልቅስ?» አለችው ባሏን፣ ዳሱ የፈረሰ ቀን። «አስከሬን የለኝ፣ መቃብር የለኝ። ለባዶ ወንበር አላለቅስ።»

ከዚያ ወዲህ ሦስት ክረምት አልፏል። ዶርቃ የሚፈስ ውሃ ያለበት አትደርስም። ዝናቡ ከቆርቆሮው ጠርዝ እየተንዠቀዠቀ ሲወርድ ወደ ጓዳ ትገባለች። ማቴዎስም ነገሩ ገብቶት፣ ጠብታው መሬት ሲመታ ድምፅ እንዳይሰጥ የቤቱን ዙሪያ በእንሰት ቅጠል አለበሰው። ቅጠሉ ሲበሰብስ ይቀይረዋል። በአማን ሠፈር ውሃ በሹክሹክታ የሚወርድበት ቤት የእሱ ብቻ ነው።

ለዚህ ነው ማቴዎስ ዕድሜውን ከፈጀበት የቡና ችግኝ ጣቢያ ወጥቶ ለአትክልተኝነት የተመዘገበው። የሁሉም ስም የሚቀረጽበት ድንጋይ ሊቆም ነው። ለሰይፈዲን ብቻ፣ እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይቺ ሴት የምታለቅስበት ቦታ ላግኝላት ብዬ ነው» ሲል ነገረው። ሰይፈዲን ያን ቀን ቀልድ አላገኘም፤ ሻዩን ሁለት ጊዜ ቀድቶ ሰጠው።

ሥራው ተጀመረ። የሥራው ኃላፊ ማህደር የምትባል ወጣት መሐንዲስ ነበረች፤ ከጭቃው ጋር የተጋባ ረጅም ቦቲ የምታደርግ፣ ሰውን ሁሉ በአክብሮት የምትጠራ። ለማቴዎስ የጽጌረዳ ችግኝ አስረከበችው። ማቴዎስም ዕድሜውን ሙሉ የሚያውቀውን አደረገ፦ እንጨት ተክሎ፣ ሣር ከድኖ፣ ለጽጌረዳው እንደ ቡና ፍል ዳስ ሠራለት። ለጋ ነገር ፀሐይ አይመታውም፤ ይህን የቡና አገር ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። ጽጌረዳው ግን የቡና አገር ሰው አልነበረም። ፀሐይ ፍለጋ አንገቱን መዘዘ፣ መዘዘ፣ ከዳሱ ጫፍ አሾልኮ እንደ ቀጭኔ አደባባዩን ያይ ጀመር። አበባ የሚባል ነገር ግን አልወጣውም።

ማህደር ሳቋን ለመዋጥ ሳል ሳል አለች። «ጋሽ ማቴዎስ፣ ይሄ ፀሐይ ካልመታው አያብብም።»

«ይቃጠላል ብዬ እኮ ነው።»

«ትንሽ ይቃጠል። ምንም አይሆን።»

ዳሱ ተነሣ። ሰይፈዲን በሚቀጥለው ቀን ወሬው ደርሶት፣ «አንተ ሰው፣ ሚስትህም ላይ ዳስ እንዳትሠራ» አለው። ማቴዎስ ሻዩን ጨልጦ ወደ ሥራው ሄደ። ከቤቱ ዙሪያ ስላለው የእንሰት ቅጠል ለማንም ተናግሮ አያውቅም።

ከጽጌረዳው የባሰው የመጣው ቧንቧው ሲዘረጋ ነው። ፏፏቴው የሚቆመው ከስሞቹ ድንጋይ ፊት ለፊት፣ እርምጃ በማይሞላ ቦታ ኖሯል። ለሙከራ የከፈቱት ቀን ውሃው ሽቅብ ተወርውሮ ሲከሰከስ፣ ማቴዎስ አካፋውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ድምፁ የወንዝ ነው። የሞላ ወንዝ።

የምርቃቱ ቀን ማርሽ ባንድ መጣ፤ ሪባን ተቆረጠ፤ ንግግር ተደረገ። ዝናቡም ከሰማይ ወረደ፣ ፏፏቴውም ከምድር ተነሣ፤ መሐል ላይ ሲገናኙ የትኛው የመንግሥት የትኛው የእግዜር እንደሆነ የሚለይ ጠፋ። ዶርቃ የቤተ ክርስቲያን ነጠላዋን ለብሳ ከባሏ ጋር እስከ አትክልት ስፍራው በር መጣች። እዚያ ላይ ቆመች። ፊቷ አመድ መሰለ። ከዚያ ዞራ፣ በዚያ ሁሉ ዝናብ፣ እስከ አማን በእግሯ ተመለሰች። ማቴዎስ ከኋላ ከኋላ ተከተላት።

ሰኞ ማለዳ ወደ ማህደር ሄደ።

«ልጄ፣ ይቺ ውሃ ለትንሽ ብትዘጋ?»

«ምነው፣ ተበላሸች?»

«አልተበላሸችም። ትጮሃለች።»

«ካልጮኸች ምኑን ፏፏቴ ሆነች፣ ጋሽ ማቴዎስ» አለችው እየሳቀች። «ፎቶ ሊነሡ የሚመጡት ሙሽሮች እንኳ ከፍ አድርጉልን እያሉ ነው የሚለምኑኝ። ደግሞ ያለ ትእዛዝ የዘጋ ከሥራ ይባረራል ተብሏል፤ አደራዎን።»

ቢነግራት ኖሮ ምናልባት ትረዳው ነበር። ማቴዎስ ግን የጓዳውን ነገር ቢሮ ይዞ የሚሄድ ሰው አይደለም። አመስግኗት ወጣ። አንድ ተስፋ ብቻ ቀረው። ፏፏቴው የሚሠራው በመብራት ነው፤ መብራት ደግሞ፣ ምስጋና ይግባው፣ ይጠፋል።

እንዲህ ሆኖ በመላው ሚዛን መብራት ሲጠፋ ደስ የሚለው ብቸኛ ሰው ወጣ። ወፍጮ ቤቱ ሲራገም፣ ፀጉር አስተካካዩ የደንበኛውን ግማሽ ራስ ይዞ ሲቀር፣ ማቴዎስ ፊቱ ይፈካል። ችግሩ መብራቱም እንደ ሰው ጠባይ አለው፤ ማቴዎስ አማን ደርሶ «ተነሺ» ሳይል ተመልሶ ይመጣል። ስንት ጊዜ ከመንገድ ተመለሰ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሰይፈዲን ሻይ ቤት ኳስ ይታይ ነበር። ልክ ፍጹም ቅጣት ምት ሊመታ ሲል ቴሌቪዥኑ ድርግም አለ። ቤቱ ሁሉ እንደ አንድ ሰው አቃሰተ። ማቴዎስ ብድግ አለ።

«አንተ ሰውዬ፣ ጀነሬተር መሸጥ ጀመርክ እንዴ?» አለው ሰይፈዲን።

«ትራንስፎርመር ነው አሉ» አለ በር ላይ የቆመ አንዱ። «የፈነዳው ከታች ነው። ዛሬ እንጃ።»

ማቴዎስ ቀጥሎ የተባለውን አልሰማም። በረንዳው ሥር የቆመ ባጃጅ ውስጥ ገባና «አማን» አለ። ባጃጁን የሚነዳው ቴዲ የሚባል ልጅ እግር ነበር።

ዶርቃ በሰፌድ ቦሎቄ ትለቅማለች።

«የቲቶ እናት፣ መብራት ጠፍቷል።»

«ቢጠፋ እኔ ልብራልህ?»

«ውሃው ቆሟል።»

እጇ ቦሎቄው ላይ ቆመ። «ከመጣስ?» አለች።

«እኔ እዘጋዋለሁ።»

«ሥራህንስ?»

«ይውሰዱት።»

ሰፌዱን አስቀምጣ ነጠላዋን አነሣች። በመንገዱ ሁሉ ቴዲ በመስታወቱ እያያቸው ነዳ፤ የከፈተውን ሙዚቃም ሳይነግሩት አጠፋው።

አትክልት ስፍራው ጸጥ ብሏል። ከወዲያኛው ጫፍ አንድ ሙሽራና ሙሽሪት ከሚዜዎቻቸው ጋር ውሃው እስኪነሣ ፎቶ ሊነሡ ይጠብቃሉ። ዶርቃ ድንጋዩ ፊት ቆማ ስሞቹን በጣቷ እየነካች ወረደች። አንዱ ላይ ጣቷ ቆመ።

«ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው።»

«ይቀዘቅዛል» አለች። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠች። ማቴዎስ አጠገቧ ቆሞ ጠበቀ። ምንም አልመጣም። ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ አየች፤ መልሳ አወረደችው። በዚያ ከተማ ሙሉ ዝናብ ያላገኘው ነገር ቢኖር የዚያች ሴት ዓይን ነበር።

ያ ትራንስፎርመር የፈነዳው ሌላ ሠፈር ኖሯል። ከሻይ ቤቱ «መጣ» የሚል ሁካታ ተሰማ፤ ፓምፑ እንደ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠራረገና ውሃው ተነሣ። ማቴዎስ ሮጠ። የፓምፑን ክፍል ከፍቶ እጁን ማጥፊያው ላይ ሲያሳርፍ፣ ከኋላው ጩኸት ሰማ።

መጀመሪያ የሌላ ሴት መሰለው። በአማርኛ ስትገበይና ስትጸልይ የኖረችው ዶርቃ የምትጮኸው በእናቷ ቋንቋ፣ በቤንችኛ ነበር። ፊቷን ወደ ፏፏቴው አዙራ ውሃውን ትጠይቀዋለች፦ የት አኖርከው፣ ምን አለበስከው፣ ከአጠገቡ ማን አለ። እንባዋ እስከ አንገቷ ይወርዳል።

ማህደር ከየት እንደመጣች ሳይታወቅ ከጎኑ ደረሰች። ድንጋዩን አየች፣ ሴትዮዋን አየች፣ እሱን አየች። ፊቷ ተለወጠ።

«ጋሽ ማቴዎስ፣ ላጥፋው?»

እጁን ከማጥፊያው አነሣ። «ተይው፣ ልጄ። እያነጋገረችው ነው።»

በዚያ አገር ለቅሶ ሰምቶ የሚያልፍ ሰው የለም። የማን ነው ተብሎ አይጠየቅም፤ መጀመሪያ ይቀመጣል፣ ከዚያ ይጠየቃል። ከጌጫ ማር ይዞ የወጣ ነጋዴ ቆርቆሮውን አስቀምጦ ተቀመጠ። ሰይፈዲን ኳሱንና ደንበኞቹን ጥሎ መጣ፤ ደንበኞቹም ተከትለውት መጡ። ሚዜዎቹ ጥቁር መነጽራቸውን አወለቁ። አንዷ ሚዜ «ለሙሽራ ገድ አይደለም» ብላ ብትጎትታትም፣ ሙሽሪት ቬሎዋን ሰብስባ ከሴቶቹ መሐል ቁጭ አለች። «ሣሩ ላይ መቀመጥ ክልክል ነው» የሚለው ሰሌዳ ዙሪያውን በተቀመጠ ሰው ተከቦ ብቻውን ቆሞ ቀረ። ጥበቃውም ዱላውን ጎኑ አጋድሞ ተቀምጧል።

ማቴዎስ መጥቶ ከሚስቱ አጠገብ ተቀመጠ።

ለቅሶው በረድ ሲል፣ «አላህ ያጽናችሁ» «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ተባለ። ውሃው ብቻ ይጮሃል። ኮፍያውን በእጁ ይዞ ከኋላ የተቀመጠው ቴዲ ነው ዝምታውን የደፈረው።

«እኔ ቲቶን አውቀዋለሁ፣ እትዬ። ባጃጅ ሳልይዝ በፊት አብረን ጭነት ላይ ነበርን። ሳመጣችሁ የእሱ ወላጆች መሆናችሁን ሳላውቅ ነው እንጂ…» ኮፍያውን አገላብጦ እንደገና ጀመረ። «አንድ ቀን ከቴፒ ስንመጣ መኪናው ጭቃ ውስጥ ሰጠመ። ሾፌሩ ይሳደባል፣ እኛ እንገፋለን፣ ንቅንቅ የለም። ቲቶ ዞሮ መጣና ፊት ለፊት ቆሞ መኪናውን ይመክረው ጀመር። ‹ስማኝ፣ እናቴ ቆጮ ጋግራ ትጠብቀኛለች፤ አንተ ከፈለግህ እዚህ እደር፣ እኔ አላድርም› ይለዋል። ሾፌሩ ሳይቀር እየሳቀ ወረደ።»

ዶርቃ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አደረገች።

«ከዚያስ?» አለችው።