ቆማ የምታነብ ሴት

ኪሊማኒ ሰፈር፣ በብርነሽ የሐበሻ ሱቅ ውስጥ፣ ከበርበሬው ጆንያ በላይ ያረጁ የአማርኛ ልቦለዶች የተደረደሩበት መደርደሪያ አለ። አንዲት ሴት ማክሰኞ ማክሰኞ አስቤዛ ልትገዛ ትመጣና እዚያው ቆማ ታነባለች። ሁልጊዜ አንድ መጽሐፍ ነው፤ ደሃ አባት ልጁን ለባለጸጋ ሽማግሌ የሚድርበት። በሙቀትም ቀን እጅጌዋ እስከ መዳፏ ይወርዳል። ገጽ ስትገልጥ የወርቅ አምባሮቿ እንዳይንቃጨሉ በሌላው እጇ ጨብጣ ትይዛቸዋለች።

«ለምን አይገዙትም?» አልኳት አንድ ቀን፣ ከጎኗ ቆሜ ተራዬን ስጠብቅ።

«ባሌ ገንዘቡን የሚልከው በሾፌሩ ስልክ፣ በኤምፔሳ ነው» አለችኝ። «እሱ ደግሞ ያልታዘዘውን ነገር ቤት አያስገባም።»

ሾፌሩ ደመወዝተኛ ነው፤ ከሁለቱ ግን ኪስ ያለው እሱ ነው። የሽሮውን ሒሳብ ከፍሎ፣ የተገዛውን ፎቶ አንስቶ ለባልየው ይልካል።

ዛሬም ሾፌሩ የመኪናውን ጥሩንባ ሲነፋ የገጹን ጫፍ አጠፈችና፣ ሌላ ሰው እንዳይገዛባት መጽሐፉን ከሌሎቹ ኋላ ሸጎጠችው። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለች።

«ብርነሽ፣ አንቺ ጨርሰሽዋል አይደል? ልጅቷ በመጨረሻ ታመልጣለች?»

ብርነሽ መጽሐፉን ሁለቴ አንብባ ሁለቴም አልቅሳለች።

«ታመልጣለች» አለቻት፤ ዓይኗን ግን ከሚዛኑ ላይ አላነሳችም።