ከዳባት የመጣው ጤና አዳም

ጤና አዳሙን ከዳባት ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሥሩን ያጠብኩትም እኔው ነኝ።

የኔታ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዳባት ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ መርጌታ ናቸው። ባለቤታቸው ባረፉ በዓመቱ ልጃቸው ደባርቅ አምጥታ፣ ከእኔ ግቢ አጠገብ ካለው ቤቷ አኖረቻቸው። የዳባቱ ቤት ለሌላ ሰው ተላለፈ። ሽማግሌው ከዚያ ቤት የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ባለቤታቸው በር ላይ የተከሉትን ጤና አዳም።

«አንቺ መቼም ለንግድ ትመላለሻለሽ፤ ነቅለሽ ብታመጪልኝ» አሉኝ።

«ይቺማ ምን አላት፣ የኔታ!»

ቅጠላ ቅጠል ስነግድ ነው የኖርኩት። እርግጥ የማውቀው የደረቀውን ነው፤ ሕይወት ያለው እንዴት እንደሚያዝ ጠይቆኝ የሚያውቅ ገዢ የለም።

ዳባት ደርሼ ቁጥቋጦውን ከነአፈሩ ቆፍሬ አወጣሁት። ከዚያ በኋላ እጄ የለመደውን ሠራ። ገበያ ላይ አፈር የነካው ዕቃ ይዘሽ ብትቀርቢ «አፈር ልትሸጭልኝ ነው?» ይሉሻል። ስለዚህ አፈሩን አራገፍኩ፣ ሥሩን በቧንቧ ውሃ አጠብኩ፣ እንደ ሙሽራ አሳምሬ በጋዜጣ ጠቀለልኩና ሚኒባስ ላይ አስጫንኩት። ሹፌሩ እንኳን ንጽሕናውን አድንቆልኛል።

ደባርቅ፣ የኔታ በር ላይ በተተከለ በሦስተኛው ቀን ቅጠሉ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠለጠለ። ችግኝ የምትሸጥ ወዳጄን ጠራኋት። አየችውና ሳቀች።

«ሥሩን አጠብሽው?»

«አዎ።»

«በሳሙና?»

«ኧረ ተዪኝ!»

«ውሃ የሚጠጡት እነዚያ ጸጉር የሚያካክሉት ሥሮች ናቸው። እነሱን ከአፈሩ ጋር ዳባት ጥለሻቸው መጥተሻል። አሁን ቅርንጫፉን ግማሽ ግማሽ ቁረጪለት፣ ከፀሐይና ከነፋስ ከልዪው፣ ውሃ በጥቂቱ ስጪው። አፈሩ ከጨቀየ ሥሩ ይበሰብሳል። ሌላው የእሱ ፋንታ ነው።»

ቆረጥኩ። በአራት እንጨት ላይ ጆንያ ወጠርኩለት። የደባርቅ ነፋስ ጆንያውን ሁለት ጊዜ ወሰደው፤ ሁለት ጊዜ ከሰው አጥር ላይ ለቅሜ መለስኩት።

ከነፋሱ የባሱት ግን የኔታ ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ከኪዳን ሲመለሱ በትልቅ የፕላስቲክ ጠርሙስ ጠበል ይዘው ይመጣሉ። ጎንበስ ብለው፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ፣ ጠብታ ሳያስቀሩ ያፈሱበታል። አፈሩ ጭቃ ሆነ። ከገዢ ጋር ስከራከር ቃል አጥሮኝ አያውቅም፤ ለመርጌታ «ጠበሉ በዛ» የሚባለው ግን በየትኛው ምላስ ነው? እሳቸው ገባ ሲሉ ጭቃውን በእጄ እየዛቅሁ ደረቅ አፈር እመልሳለሁ። በዚያውም የተረበሸውን ሥር ዳግም እረብሸዋለሁ።

በሳምንቱ የቀረው ቅጠል ቢጫ ሆነ። አላስቻለኝም።

«የኔታ፣ አይቆጡኝና፣ ውሃው እየጎዳው ነው።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ታዲያ ምን እናድርግለት?»

«ምንም። ከእንግዲህ መጠበቅ ነው።»

የጠርሙሱን ክዳን ከፍተው መልሰው ገጠሙት።

«ባለቤቴ የተኛች ጊዜም ሐኪሙ እንዲሁ ነበር ያለኝ» አሉ። «ምንም፣ መጠበቅ ነው አለኝ። እጄን አጣጥፌ ጠበቅሁ።»

ሥራ ያለኝ ለመምሰል ቁጭ ብዬ ግንዱን በጥፍሬ ፋቅ አደረግሁት፤ ከልጡ ሥር አረንጓዴ ከታየ ሕይወት አለው ማለት ነው።

«አረንጓዴ አለው?» አሉኝ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ያልኳቸውን ማመን ነው ያላቸው ምርጫ። በእንዲህ ያለ ሰዓት አዎ ማለት ለእኔ ቀላል ነበር።

«አለየልኝም፣ የኔታ» አልኳቸው።

ጠርሙሱን ተቀበልኳቸውና በክዳኑ ሞልቼ ጠበሉን ሰጠኋቸው። ገሚሱ መንገድ ላይ ፈሰሰ፤ የተረፈችውን ሥሩ ላይ ጠብ አደረጓት።

«ይቺም ትጎዳዋለች?»

«ይቺ አትጎዳውም።»

ይህንንም ቢሆን በእርግጠኝነት አላውቅም ነበር። በማግሥቱም መጡ፣ ክዳኗን ሞላሁላቸው። ቅጠሉ ያው ቢጫ ነው።