ከአቡጀዲው ጀርባ

ባለፈው የፋሲካ ሰሞን፣ እሑድ ከምሳ በኋላ፣ የጎረቤቴ የጋሽ ተሰማ የልጅ ልጅ ቤዛ ከምታስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ፕሮጀክተር ተውሳ መጥታ ሳሎኑን ከጓዳው በሚለየው ሰፊ በር ላይ ነጭ አንሶላ ወጠረች። አንሶላው ጠዋት ታጥቦ በደንብ ሳይደርቅ የተሰቀለ ነበርና ገና ከደጃፉ ስደርስ የእርጥብ ጥጥ ሽታ ተቀበለኝ። ወደዚያ ቤት ለለቅሶ ካልሆነ አልገባም። ምክንያቱን ከሚያውቁት በሕይወት ያለነው ሁለት ነን፤ እኔና የዐይን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ከሶፋው የማይነሣው ጋሽ ተሰማ። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ በጽሑፍ ግን አንቱታዬን ለሚገባው ሰው አቆየዋለሁ። የዚያን ቀን የሄድኩት ቤዛን ስለምወዳት ነው። «እትዬ የሺ፣ ያ የድሮው የፊልም ሰላይ እንደ አዲስ ተሠርቶ መጣ እኮ! አሁን ግን ጨልሟል፤ ካላዩት አይሆንም» ብላ ለምናኝ ነበር።

ለእኔ ሲኒማ ማለት የእርጥብ አቡጀዲ ሽታ ነው። በንጉሡ ዘመን መጨረሻ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ አባቴ በሚያገለግልበት የጅጅጋ ጦር ሰፈር አንድ የእህል መጋዘን ነበር። እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ መስኮቶቹ በጆንያ ይሸፈኑና መጋዘኑን ለሁለት ከፍሎ አቡጀዲ ይወጠራል። ከፊት አግዳሚ ላይ ወታደሮቹ ይቀመጣሉ፤ ከጀርባ በእህል ጆንያዎቹ ላይ ሚስቶቻቸውና እኛ ልጆች፣ ወተታቸውን ሸጠው የጨረሱ የሶማሌ ሴቶችም ባዶ ዕቃቸውን በእግራቸው መሀል ይዘው ከእኛ ጋር። ብርሃኑ አልፎ ለእኛም እንዲታየን ጨርቁ መራስ ነበረበት፤ ይህ የእኔ ሥራ ነበር። በርጩማ ላይ ቆሜ በጣሳ ውሃ አፈስበታለሁ። ውሃ እንደ ብርቅ በሚታይበት ከተማ አንድ ባልዲ ሙሉ ለሲኒማ ሲፈስ ሴቶቹ ያጉረመርማሉ፣ ግን አንዷም «ይቅርብን» አላለችም።

ከጀርባ የሚታየው ሁሉ ግልባጭ ነው። ስለዚህ ሰላዩ ለእኛ ግራኝ ነበር፤ በግራው ይተኩሳል፣ በግራው ይጠጣል፣ በግራው ሴት ያቅፋል። ከሰገነት ወድቆ ሲነሣ ሸሚዙ ላይ አንዲት ጉድፍ አትታይም። እናቴ ሁልጊዜ «የዚህን ሰውዬ ሸሚዝ የምታጥበው ማን ናት?» ትል ነበር።

ፊልሙ በእንግሊዝኛ ነው፤ የሚተርከው ደግሞ ያኔ ሻምበል ባሻ የነበረው ተሰማ፣ ከፊት ቆሞ በዘንግ ጨርቁን እየነካ። እንግሊዝኛ አያውቅም ነበር። ይህን ስጽፍ ደስ እያለኝ ነው። ድምፁ ግን ያምር ነበር፣ አልክድም። እሱ ያለውን እናቴ በተሰባበረ ሶማሊኛዋ ለወተት ደንበኛዋ ለመርየም ታቀብላለች፤ መርየም ለሌሎቹ ታሳልፋለች፤ ስለዚህ የእኛ ሳቅ ሁልጊዜ ከወታደሮቹ ሳቅ ዘግይቶ ይመጣ ነበር። በተሰማ ትረካ የማይለወጥ አንድ ነገር ነበር፤ ሴት ከታየች ከዳተኛ ናት። «ይቺን እዩአት፣ ልትሸጠው ነው!»

አንድ እሑድ ሴቲቱ ሰላዩን ወደ መስኮቱ እየገፋች «አንተ ሂድ፣ እኔ እቀራለሁ» አለችው። ሕንዳዊው የእንግሊዝኛ መምህራችን ያስጠኑን ቃላት ነበሩ፤ አንዱም አላመለጠኝም። ተሰማ ዘንጉን ፊቷ ላይ አሳርፎ «የተደበቀበትን እየጠቆመች ነው» አለ። ጠላቶቹ ሲገድሏት «የእጇን አገኘች!» ብሎ አስጨበጨበ።

«ውሸት ነው!» ብዬ ከጀርባ ጮኽኩ። «ሂድ ነው ያለችው! ለእሱ ብላ ነው የሞተችው!»

 ከፊት አንዱ «ባሻ፣ በሕፃን ተረታህ!» ሲል ሳቁ ፈነዳ።

አባቴ ተራ ወታደር ነበር፤ ተሰማ አለቃው። በማግስቱ አባቴ ትከሻዬ ላይ ድንጋይ አሸክሞ ተሰማ ደጃፍ አቆመኝ። ይቅርታ ጠየቅሁ። ተሰማን ግን አልበቃውም፤ «ዋሽቻለሁ በይ» አለኝ። አባቴን ቀና ብዬ አየሁት፤ እሱ ጫማውን ያያል። «ዋሽቻለሁ» አልኩ። በዕድሜዬ ከተናገርኳቸው ውሸቶች ትልቁ ይህ ነው፤ ሌሎቹን እዚህ አልጽፍም።

በሚቀጥለው እሑድ አቡጀዲው ከመሀል ተነሥቶ ግድግዳው ላይ በሚስማር ተመታ። ሴቶቹን ማንም ውጡ አላላቸውም፤ የሚቀመጡበት ጀርባ ነው የጠፋው። ከዚያ ወዲህ አልመጡም። እናቴ አንድም ቀን አልተቆጣችኝም። አንድ ጠዋት ብቻ ወተት ስትቀበል ጠርታ «ያቺ የፊልሙ ሴት በእውነት ምን ነበር ያለችው?» አለችኝ። ነገርኳት፤ እሷም ለመርየም ነገረቻት። መርየም መቅዳቷን አቁማ «ወላሂ?» አለች፤ ከዚያም ከልኩ በላይ ጨመረችልን። ብዙም ሳይቆይ ጦርነት መጣና ሁሉም በየፊናው ተበተነ። እናቴ ሌላ ፊልም ሳታይ ሞተች። እኔ እንግሊዝኛን የሙጥኝ ብዬ ሽንሌ፣ ሸደር፣ በመጨረሻም እዚሁ ጅጅጋ ጡረታ እስክወጣ ድረስ አስተማርኩት።

አዲሱ ሰላይ እውነትም ጨልሟል። አይስቅም። ደረጃ ሲወጣ ያነክሳል፣ ደሙ ሸሚዙ ላይ ደርቆ ይውላል፣ የገደለው ሰው ፊት ከዐይኑ አይጠፋም። እናቴ ብታየው ስለ ሸሚዙ የምትጠይቅ አይመስለኝም።

«ምን እያደረገ ነው?» አለ ጋሽ ተሰማ ከሶፋው። ቤዛ «ቆይ አባባ» ስትለው ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። «የሺ፣ አንቺ እንግሊዝኛ ታውቂ የለም እንዴ? ንገሪኝ እንጂ!»

ንገሪኝ አለኝ! እንደ እሱ ልዋሽለት እችል ነበር። ሰላዩ ሠርግ ላይ እየጨፈረ ነው ብዬ ብነግረው ማን ይከራከረኛል? ተነሣሁ፤ ወንበሬን አንጠልጥዬ በአንሶላው ጠርዝ ወደ ጓዳው አለፍኩ።

«እትዬ፣ ወዴት ነው? ከዚያ ግልባጩ ነው የሚታየው!»

«አውቃለሁ የኔ ልጅ።»

ተቀመጥኩ። ሰላዩ ሽጉጡን በግራ እጁ አወጣ። ከጀርባ ጮክ ብዬ፣ አንድ ቃል ሳላጎድል ተረክሁ። መጨረሻ ላይ ሴቲቱ እሱን አስወጥታ በሩን ከውስጥ ስትቆልፍ «ከዳችው?» አለ ጋሽ ተሰማ።

«አልከዳችውም። ያኔም አልከዳችውም።»



«ያኔ ሲስቁብኝ ጊዜ ነው» አለ፣ ቀስ ብሎ።

ይቅርታ አልጠየቀም፤ እኔም ይቅር አላልኩም። «አላለቀም፤ ይስሙ» አልኩና ቀጠልኩ። ከእኔ ሌላ ጓዳው ውስጥ የነበረው ግማሽ ጆንያ ዱቄት ብቻ ነው። ቢሆንም አንድ ዓረፍተ ነገር በጨረስኩ ቁጥር ትንሽ እቆም ነበር፤ እናቴ ለመርየም እስክታቀብል።