ምድርን ያቆመው ዲሽ ሰሪ

ቢቸና ውስጥ ከባንቺዓለም ሻይ ቤት የወጣ ወሬ አለ። ዲሽ ሰሪው ሰማው ሞጣ ድረስ ሄዶ ምድርን አቆማት ይላል። ያውም በአንድ ጥያቄ! ከአዲስ አበባ አንድ ፕሮፌሰር የባሕር ዛፍ ግንድ የሚያክል ቴሌስኮፕ በአይሱዙ አስጭኖ መጥቶ፣ ሞጣ አደባባይ ላይ ተክሎት ነበር አሉ። ሰማው ጠየቀው። ፕሮፌሰሩ መልስ አጣ፣ ላብ አጠመቀው፣ ከዚያም ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ቴሌስኮፑን ለውሃ ቧንቧ ሸጦ አገሩ ገባ። የፊዚክስ መምህሯ ወይንእሸትም ይህን ጉድ ስታይ እያነባች ሰማው ላይ ተጠመጠመችና «ከእንግዲህ ያንተ ነኝ» አለችው። ወሬው እዚህ ላይ ሲደርስ ሰሚው ሁሉ ሻይ ያስደግማል።

ትንሽ ላሰበበት ሰው ግን ወሬው ከሁሉም በኩል ያፈሳል። ምድር ቆመች ከተባለ ወዲህ ቢቸና ላይ ስንት ጊዜ መሽቶ ነግቷል፤ ይህን ልብ ያለ አንድም ሻይ ጠጪ የለም። ደግሞስ ሰማው በዘመኑ በክርክር የረታው ፍጡር ቢፈለግ የጎረቤቱ ፍየል ብቻ ነው፤ እሱም ተኝቶ ነበር።

ሰማው ከቢቸና በታች ካለች መንደር የወጣ የገበሬ ልጅ ነው። አሥረኛ ክፍል ላይ ትምህርት ተወችው፤ እሱ ግን «እኔ ነኝ የተውኳት» ይላል። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ዓመታት ሥራው የባንቺዓለምን ወንበር ማሞቅ ነበር። አንድ ቀን ከባሕር ዳር የመጣ ባለሙያ የሻይ ቤቱን ዲሽ አስተካክሎ ሲሄድ ጣሪያው ላይ መፍቻ ረሳ። ሰማው መፍቻውን ሊያወርድ ወጣ፣ ሲወርድ ኢንጂነር ሆኖ ወረደ። ትምህርቱም፣ ፈተናውም፣ ምረቃውም ይኸው ነው።

የኢንጂነርነቱ ልክ በደንብ የሚታየው በመጋቢት መግቢያ ነው። በዚያ ሰሞን፣ እንደገናም መስከረም ከተጋመሰ በኋላ፣ ፀሐይ ረፋዱ ላይ ልክ ከሳተላይቱ ኋላ ታልፋለች። ጨረሯ የሳተላይቱን ደካማ ሞገድ ይውጠውና በየቤቱ ያለው ቴሌቪዥን ለጥቂት ደቂቃ ድርግም ይላል። ፀሐይ አልፋ ስትሄድ ምስሉ በራሱ ይመለሳል። ሰማው ይህን አያውቅም፤ ይበላበታል እንጂ። ሲጠሩት መሰላሉን ተሸክሞ ይመጣል። ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሳህኑን በመፍቻ ኳ፣ ኳ ያደርጋል። ወደ ሰማይ አንጋጦ እንደ ሐኪም «እህም፣ እህም» እያለ ያስላል። እንደገና ኳ! ይኼኔ ፀሐይ ታልፋለች፣ ምስሉ ይመጣል፣ ባለቤቲቱ እልል ትላለች። ፀሐይ ለሠራችው ሥራ ሰው ሲያስከፍል የታየው ቢቸና ውስጥ ብቻ ነው።

ሰው ጣሪያ ላይ ሲበዛ ራሱን የሰማይ ጎረቤት አድርጎ ይቆጥራል። ሰማውም ከሰዓት በኋላ ሻይ ቤት እየተቀመጠ ስለ ሰማይ ማስተማር ጀመረ።

«ጨረቃ ሶላር ናት» ይላል። «ቀን ፀሐይ ላይ ተሰጥታ ትሞላለች፣ ማታ ታበራለች። ወር በመጣ ቁጥር የምትጠፋው ባትሪዋ አርጅቶ ነው።»

«ማን ይቀይርላታል ታዲያ?» ትላለች ባንቺዓለም።

«እሱ የመንግሥት ሥራ ነው።»

ትልቁ ትምህርቱ ግን ስለ ምድር ነበር። «ምድር ትዞራለች ይሉናል። እኔ አንድ ሳህን ወደ ሳተላይቱ አነጣጥሬ ብሎኑን ካጠበቅሁ ሦስት ክረምት ንቅንቅ አይልም። ምድር ብትዞር ኖሮ ሳተላይቱ ያመልጠን አልነበር? ድራማ ስታይ የነበረች ሴትዮ ዲሹን ታቅፋ ጣሪያ ለጣሪያ ትሮጥ አልነበር?»

«ይኼ ልጅ ጭንቅላት አለው!» ይላሉ አቶ ታዘበው። አቶ ታዘበው የከብት ገበያ ደላላ ናቸው፤ ጥርሱ ያለቀ በሬ ወይፈን ነው ብለው የሚሸጡ፣ እውነትን በሩቁ ተሳልመው የሚያልፉ ሰው። እሳቸው ካጸደቁ ሻይ ቤቱ ሁሉ ያጸድቃል። እዚያ ቤት ማስረጃ ማለት ጮክ ተብሎ የተነገረ ነገር ነው።

ወይንእሸት የምትኖረውም ፊዚክስ የምታስተምረውም ሞጣ ነው። ሰማው ዲሽና ሪሲቨር የሚያመጣው ከሞጣው ነጋዴ ከአብዱራዛቅ ሱቅ ነበርና፣ አንድ ቀን እሷ ሪሞት ልትቀይር እዚያ መጥታ አገኛት። ሦስት ካርቶን በአንድ ትከሻ ልሸከም ሲል ከነካርቶኑ በሩ ላይ ተዘረጋ። ሳቀች። ሰማው ያቺን ሳቅ ይዞ ቢቸና ገባ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከዓለም ላይ የሚፈልገው ወይንእሸትን ብቻ ሆነ። እሷም ብትሆን አልጠላችውም ነበር። እንደሱ ያለምንም ክፍያ የሚያስቃት ሰው ሞጣ ውስጥ አልነበረም።

አቶ ታዘበውን ሽማግሌ አድርጎ ላከ። አባቷ ሽማግሌውን በክብር ተቀበሉ፣ በክብር አበሉ፣ በክብርም መለሱ። ለካ ከወይንእሸት ተማሪዎች አንዱ ፈተና ላይ «ምድር አትዞርም። ማስረጃ፦ የአክስቴ ዲሽ» ብሎ ጽፎ ነበር። አክስትየዋ ቢቸና ናት፤ ዲሹንም የተከለው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው። «ክፍል ውስጥ ስደክምበት የምውለውን ድንቁርና ማታ ቤቴ ገብቼ እራት አላቀርብለትም» ብላለች ወይንእሸት።

ሰማው ሊረታት ቆርጦ ተነሣ። ሚኒባስ ውስጥ ደብረ ወርቅን እስኪያልፍ ንግግሩን በልቡ አጠና፤ ጉንደ ወይን ሲቃረብ ጮክ ብሎ ሲለማመድ መኪናው ጉድጓድ ገባና ምላሱን ነከሰ። ሞጣ የደረሰው በግማሽ ምላስ ነው።

አብዱራዛቅ ሱቅ ውስጥ አገኛት። «ቲቸር፣ አንድ ጥያቄ ብቻ!» አለና የዲሹን ነገር አንድም ሳያስቀር አነበነበው። አብዱራዛቅ ሪሲቨር መወልወሉን ትቶ ክንዱን ባንኮኒው ላይ አስደገፈ።

«መጀመሪያ እኔ ልጠይቅህ» አለች ወይንእሸት። «ጋላክሲ ምንድን ነው?»

«ስልክ ነዋ። ካሜራው ሸጋ ነው።»

«እሱን እኔ እሸጥልሃለሁ» አለ አብዱራዛቅ። «እሷ የምትጠይቅህ የማይሸጠውን ነው።»

«ፀሐይ አንዲት ኮከብ ናት» አለችው። «እንደሷ ያሉ በመቶ ቢሊዮን የሚቆጠሩ ኮከቦች አንድ ላይ ሆነው ይዞራሉ። ያ ትልቅ የኮከብ መንደር ነው ጋላክሲ። እንዲህ ያለው መንደር ደግሞ ስፍር ቁጥር የለውም። ጨረቃ ምድርን ትዞራለች፣ ምድር ፀሐይን ትዞራለች፣ ፀሐይ ከነቤተሰቧ በጋላክሲው ውስጥ ትዞራለች። ይህ ሁሉ ሲዞር አንተ ቢቸና ላይ አንዲት ብሎን አጥብቀህ ምድርን አቆምካት?»

«ዲሹስ ታዲያ?»

«የገበሬ ልጅ አይደለህ? አውድማ ላይ በሬ ነድተህ ታውቃለህ?»

«ከማንም በላይ!»

«እህል ሲበራይ መሃል ያለው በሬና ዳር ያለው በሬ፣ ማንኛው ነው ብዙ የሚሄድ?»

«ዳር ያለው ነዋ! መሃል ያለው እዚያው በዚያው ነው የሚሽከረከር።»

«ዙሩንስ ማን ቀድሞ ይጨርሳል?»

«እኩል! አንገት ለአንገት ተቆራኝተው ማን ማንን ይቀድማል?»

«መሃል ያለው በሬ ዳር ያለውን ለማየት ፊቱን ያዞራል?»

«ምን ሊያዞር! ሁልጊዜ ከጎኑ…»

«መሃል ያለው በሬ ምድር ናት» አለች ወይንእሸት። «ዳር ያለው ሳተላይትህ ነው። እሷ በቀን አንዴ ትሽከረከራለች፣ እሱም ከላይ ሆኖ በቀን አንዴ ይዞራታል። አብረው ስለሚዞሩ ሳህንህ አይስተውም። ደግሞ መጋቢት ላይ ምስል የምትመልሰው አንተ አይደለህም፤ ከሳተላይቱ ኋላ የምታልፈው ፀሐይ ናት። እኛ ቤትም ይጠፋል። ሻይ አፍልተን እንጠብቃታለን።»

ልጅነቱን በሙሉ የበሬ ጭራ ሲከተል ያደገ ሰው፣ በሬዎቹ ያስተማሩትን ለመስማት ሞጣ ድረስ መሳፈር ነበረበት። በሬዎቹ ራሳቸው ከሱ ቀድመው ሳይገባቸው አልቀረም።

«ተረታሁ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሽማግሌ ልላክ?»

«የተረታኸው እዚህ ነው፤ የዘራኸው ቢቸና ነው። እዚያው ሻይ ቤት፣ እነዚያው ሰዎች ፊት፣ በራስህ አፍ ንቀለው። ከዚያ ይምጡ።»

ቃል ገባ። ቃሉም እስከ ደብረ ወርቅ አብሮት ተሳፍሮ ነበር፤ እዚያ ላይ ሰው ሲወርድ እሱም የወረደ ይመስላል። ሰማው ሻይ ቤት ሲገባ ሁሉም ዞሮ አየው። ባንቺዓለም ሳይጠይቅ ሻይ አቀረበችለት።

«እህ! እንዴት ሆነ?» አሉ አቶ ታዘበው።

ሰማው ዙሪያውን አየ፣ ብርጭቆውን አየ። «ዝም አሰኘኋት» አለ።

የሱ ድርሻ ይህችው ናት፤ የቀረውን አቶ ታዘበው ጨረሱት። በማግስቱ ፕሮፌሰር ጨመሩ፣ ከዚያ ቴሌስኮፕ፣ ከዚያ አይሱዙ። እንባው የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ሰማው አንዱንም አላስተባበለም። ባጃጅ በነጻ ይወስደው ጀመር። ሰው «ምድር አቁም» እያለ ከመቀመጫው ይነሣለት ጀመር። እሱም እግሩን አነባብሮ፣ ያቆማት ምድር ላይ ተንደላቅቆ ተቀመጠ።

በገበያ ቀን አብዱራዛቅ ሪሲቨር ጭኖ ቢቸና መጣና ሰማውን ከሻይ ቤቱ ደጅ ላይ ያዘው።

«ቲቸር አለቀሰች አሉ» አለው። «ሞጣ ድረስ ተሰምቷል፤ አባቷም ሰምተዋል። እሷ ግን ሳቀች። የዛሬው ሳቋ ያኔ ካርቶን ይዘህ ስትወድቅ የሳቀችው ዓይነት አይደለም። ሽማግሌህ አሁን ቢመጣ በሩ አይከፈትለትም።»

«አብዱዬ፣ ወንድሜ፣ ምን ይሻለኛል?»

«እኔ አሁን ገብቼ ሻይ እጠጣለሁ። የሰማሁትን ሄጄ እነግራታለሁ። አልጨምርም፣ አልቀንስም።»

«ትንሽ ትዞራለች ብልስ?»

«ትንሽ?»

«ለምሳሌ… በገበያ ቀን ብቻ።»

አብዱራዛቅ የተቃጠለ ሪሲቨር ሊያስቀይር የመጣን ደንበኛ በሚያይበት ዓይን አየውና ገባ። ሰማው እግሩን እየጎተተ ተከተለው።

ቤቱ ከገበያ በመጣ እንግዳ ጢም ብሏል። አቶ ታዘበው መሃል ላይ ቆመው ፕሮፌሰሩን እያስለቀሱት ነበር፤ የዛሬው ልቅሶ ከትናንቱ የባሰ ነው። «ባለቤቱ ይኸው መጣ!» ብለው ጮሁ። «ተናገር፣ ጀግናው!»

ያ ሁሉ እንግዳ አጨበጨበ። አንዱ ወንበር ለቀቀለት፤ ሰማው አየውና አልተቀመጠም። ጥግ ላይ አብዱራዛቅ ሻዩን ያማስላል። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል።

«ጋሼ ታዘበው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ ሰማው። «ፕሮፌሰር የሚባል አልመጣም። ቴሌስኮፕም አላየሁም።»

«ትሕትናው ነው!» አሉ አቶ ታዘበው ለእንግዶቹ።

«ትሕትና አይደለም። የነበርነው አብዱራዛቅ ሱቅ ውስጥ ነው። ወይንእሸት አላለቀሰችም፣ እኔም ዝም አላሰኘኋትም። እሷ ናት እኔን ዝም ያሰኘችኝ፤ ያውም በአውድማ በሬ። ሊያለቅስ የደረሰ ሰው ቢኖር እኔ ነበርኩ። ጨረቃም ባትሪ የላትም። መጋቢት ላይ የጠፋውን ምስል የምትመልሰው ፀሐይ ናት። የኔ ሥራ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ማሳል ብቻ ነው።»

«አንተ ሰማው!» አለች ባንቺዓለም ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች። «ያን ሁሉ ዓመት ለሳል ነው የከፈልኩህ?»

«ለሳል ነው።»

አብዱራዛቅ ማንኪያውን አስቀመጠ። አቶ ታዘበው ግን የተያዘ ገበያ እንደሚፈርስበት ሰው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። «ቆይ፣ ቆይ ልጄ! ይኼ ሁሉ ይሁን። ምድርንስ? እሷን እንኳ አቁመሃታል፣ አይደለም?»

«አላቆምኳትም፣ ጋሼ። ትዞራለች። አሁንም፣ እርስዎ እዚህ ቆመው ሲዋሹ፣ ስትዞር ነው የዋለች።»