የጫማ ቀለም የተቀባችው መኪናዬ

ይህ የሆነው ካቻምና በሰመር ነው፣ እዚሁ ከአገር ወጥተን በምንኖርበት ኮሎምበስ። ጥቁር መኪና ሲያብረቀርቅ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ትዝ ባለኝ ቁጥር ደግሞ እየነዳሁም ቢሆን ብቻዬን "ወይ እኔ" እላለሁ።

ታናሽ ወንድሜ ሳሚ ማህሌት የምትባል ልጅ ወዶ ሽማግሌ ልኮ ነበር። አባቷ አቶ በላቸው ሂሊያርድ የሚኖሩ፣ ቁጥብና ፊታቸው ቶሎ የማይፈታ ሰው ናቸው። የመጀመሪያ ቀን ሽማግሌዎቹን በአክብሮት ሰምተው "እንመካከርበትና ሌላ ቀን ኑ" ብለው ሸኟቸው። ወግ ነውና አይከፋም። ሳሚ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ምግብ አልበላ ብሎ አንገቱ ቀጥኗል። በሁለተኛው ቀጠሮም "ሌላ ቀን" ከተባለ እምቢታ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

ሽማግሌዎቹን ማን ይውሰዳቸው ሲባል እኔ አለሁ አልኩ። የሽማግሌዎቹ አለቃ ጋሼ ወርቁ፣ ሽማግሌ የሚመጣበት መኪና የላከውን ቤት ይናገራል የሚል እምነት አላቸው። የእኔዋ ያን ጊዜ የምትናገረው ደህና ነገር አልነበረም። ዩዝድ የገዛኋት ጥቁር መኪና ናት። የድሮ ባለቤቷ ፀሐይ ላይ ትቷት ኮፈኗ አመድ መስሏል፤ በሮቿ በእጥበት ብዛት በክብ በክብ ተጫጭረዋል። ሳሚ መኪና ሬንት እናድርግ ቢለኝ ተቆጣሁ። ጸጉር መሥራቱንም፣ የመታጠቢያ ቤት ታይል መለጠፉንም ቪዲዮ እያየሁ ራሴን ያስተማርኩ ሴት ነኝ። የመኪና ቀለም ማብራት ያቅተኛል?

ያን ሳምንት ከሥራ ስመለስ ኑሮዬ ኢስትሙር ባለው ቤቴ ጋራዥ ውስጥ ሆነ። አጠብኳት። እንደ ሊጥ የሚለጠጥ የመኪና ማጽጃ ሸክላ አለ፤ እሱን እያንሸራተትኩ ቀለሙ ላይ የተጣበቀውን ቆሻሻ ነቀልኩ። ፕላስቲክ ፕላስቲኩን በቴፕ ሸፈንኩ። ከዚያ ኮምፓውንድ የሚሉትን መፈተጊያ ቅባት እየቀባሁ፣ በሚሽከረከረው ማሽን ትንሽ ትንሽ ቦታ እየያዝኩ ፈተግኋት። እውነቴን ነው፣ በሮቹ እንደ መስታወት ፊት ማሳየት ጀመሩ። ጎረቤት ሲያልፍ እያየሁ የጋራዡን በር ከፍ አደርግ ነበር።

ኮፈኑ ግን እምቢ አለ። ብፈትገው ብለምነው አመድ ነው። ቪዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ፣ ከላይ ያለው ብርጭቆ መሳይ ሽፋን አንዴ ከሞተ እንደገና ከመቀባት በቀር መድኃኒት የለውም አለ። ይሄን የሰማሁት ዓርብ ነው። ቀጠሮው ቅዳሜ።

ብልሃቴ የመጣብኝ እዚህ ላይ ነው። ለሥራ ጫማዬ የማስቀምጠው ጥቁር ቀለም ከመደርደሪያው ላይ አፍጥጦ ያየኛል። አገር ቤት የሰፈራችን ሊስትሮዎች ስንቱን አመዳም ጫማ መስታወት ሲያደርጉት አይቻለሁ። ጫማ ቆዳ ነው፣ መኪና ብረት ነው፤ ግን ጥቁር ያው ጥቁር ነው አልኩ።

በአሮጌ ስቶኪንግ ቀባሁት፣ በጨርቅ ግራና ቀኝ ጎተትኩት። አበራ። ከማብራቱ የተነሳ እነዚያ ስንት የደከምኩባቸው በሮች አጠገቡ ድሃ ዘመድ መሰሉ። ስለዚህ በሮቹንም ቀባኋቸው። ከዚያ ጣሪያውን። ቀለሙ ሲያልቅብኝ ሱቅ ሮጬ ሌላ አመጣሁና ኋላዋንም ጨረስኩ። ሳሚ መጥቶ ሲያያት አንድ ዙር ዞራትና፣ "እቴቴ፣ አዲስ ገዛሽ እንዴ?" አለኝ። ምን እንደቀባኋት አልነገርኩትም። ባለሙያ ምስጢሩን አያወጣም ብዬ።

ቅዳሜ ሦስቱን ሽማግሌዎች ጫንኩ። ሦስቱም ከላይ እስከ ታች ነጭ የአገር ልብስ ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው። አቶ በላቸው ሰዓት አክባሪ ናቸው ስለተባለ በጊዜ ወጣን፤ ሃይዌዩም ባዶ ሆኖ ቆየንና በጣም ቀድመን ደረስን። ሰዓቱ ሳይደርስ ማንኳኳት ነውር ነው፤ መኪና ውስጥ መቀመጥ ደግሞ በዚያ ሙቀት አይቻልም። ከቤቱ ራቅ ብዬ አቆምኩና ወረድን። ጋሼ ወርቁ በሩን መስታወት አድርገው ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ መረቁኝ። ከዚያ ሦስቱም ተደርድረው መኪናዬን ተደግፈው ወግ ያዙ። እኔ ፀሐዩ ላይ ስታብረቀርቅ እያየሁ ደረቴን ነፍቻለሁ።

ሰዓቱ ሲደርስ ሽማግሌዎቹ ቀደሙ። ያኔ ከኋላ አየኋቸው። ፀሐዩ ቀለሙን አቅልጦት፣ ሦስቱም ከትከሻቸው እስከ መቀመጫቸው ጥቁር ናቸው።

ልጠራቸው ስሮጥ በሩ ተከፈተ። የማህሌት እናት እትዬ ዘነበች፣ ሴት ልጅ ደጅ አትቆምም ብለው እጄን ይዘው ከፊት እየመሩ እኔንም አስገቡኝ። ሳሎኑን አየሁ። ሶፋው ወተት፣ ግድግዳው ወተት፣ ምንጣፉም ወተት ነው።

ወደ ጋሼ ወርቁ ጆሮ ተጠግቼ፣ "ጋሼ፣ እንዳይቀመጡ። ጀርባችሁን ጥቁር ቀለም ነክቷችኋል፣ ሦስታችሁንም" አልኳቸው። ቀስ ብለው በአንድ ጣት ወገባቸውን ነካ አድርገው ጣታቸውን አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ። ሽማግሌ ቆሽሾ ገባ ከተባለ ቤቱን ናቀ ማለት ነውና፣ ለሁለቱ በሹክሹክታ አቀበሉ።

አቶ በላቸው ተቀመጡ አሉ። አንቀመጥም ተባሉ። ይሄ ወግ ነው፤ ሽማግሌ ጉዳዩን ሳይናገር አይቀመጥም። ጋሼ ወርቁ ጉዳዩን አሳምረው ተናገሩ። አሁንስ ተቀመጡ ተባለ። አሁንም ቆሙ። አቶ በላቸው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ነገሩ ችኮላ አይወድም፣ እስቲ ሌላ ቀን እንያዝ አሉ። የሳሚ አንገት ታየኝ። ሌላ ሽማግሌ ቢሆን እጅ ነስቶ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። የእኛዎቹ መውጣትም አይችሉም፤ ለመውጣት መዞር ያስፈልጋል።

ሦስቱም ፊታቸውን ወደ ባለቤቱ አድርገው እንደ ምሰሶ ተተክለዋል።

"እኛ እንኳ" አሉ ጋሼ ወርቁ በመጨረሻ፣ "መልስ ሳንይዝ ከዚህች ቦታ ንቅንቅ አንልም።"

አቶ በላቸው ትክ ብለው አዩአቸው። ከዚያ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። እትዬ ዘነበች በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"እንዲህ አድርጎ የቆመ ሽማግሌ አገር ቤትም አላየሁ። በሉ፣ ልጄን ሰጥቻለሁ" አሉ አቶ በላቸው።

እትዬ ዘነበች እልል አሉ። እኔም እልል ልል አፌን ስከፍት አቶ በላቸው ተነስተው ጋሼ ወርቁን እቅፍ አድርገዋቸዋል። ሲላቀቁ አቶ በላቸው መዳፋቸውን አዩ። አለቀልን አልኩ። እሳቸው ግን እጃቸውን ቀስ አድርገው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ሱሪያቸው ነጣ ያለ አዲስ ሱሪ ነው። እንግዳ እንዳያፍር ብለው ነው። ከእኔ በቀር ያየ የለም።

ይሄን አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። "ጋሼ በላቸው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው" አልኩ። "መኪናዬን የጫማ ቀለም ቀብቻት ነው።"

ሁላችንም ተከታትለን ወጣን። አቶ በላቸው ኮፈኑን በጣታቸው ነክተው አሸተቱት። ከዚያ የሽማግሌዎቹን ጀርባ አንድ በአንድ ተመለከቱ።

"ለዚህ ነው ያልተቀመጣችሁት?"

ጋሼ ወርቁ መዋሸት አያውቁም። "መጀመሪያ በወግ ነበር" አሉ። "በኋላ በችግር ነው።"

የአቶ በላቸው ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የተናደዱ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ለካ ሳቅ ነው። ሳቁ ሲያይልባቸው መኪናዋን ሊደገፉ ሲሉ አራታችንም ዘለን ያዝናቸው። ቃላቸውን አላጠፉም። ለሠርጉ ግን ይቺን መኪና እንዳላያት አሉ። ሽማግሌዎቹ ሶፋው ላይ በተነጠፈ የቆሻሻ መያዣ ፕላስቲክ ላይ ሆነው፣ በተንቀሳቀሱ ቁጥር እየተንኮሻኮሹ ምሳ በሉ።

ሳሚና ማህሌት ተጋብተው አሁን ክሊንተንቪል ናቸው። መኪናዋን በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ሳጥባት ጋራዡ ፊት ያለው ድራይቭዌይ ጠቁሮ ከረመ። ኮፈኑን በባለሙያ አስቀባሁ፣ ሌላውን እንደገና ራሴ ፈተግሁት። አሁን የእውነት ታበራለች፤ የሚያውቀኝ ሰው ግን ሰላም የሚለኝ ሁለት እርምጃ ርቆ ነው።

ዘመድ ሲሰበሰብ የሦስቱን ሽማግሌዎች ጀርባ አስቀድሜ የማወራው እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው ሲያወራው ያጋንነዋል። ስለዚያ የአቶ በላቸው ኪስ የማወራው ግን እምብዛም ነው። እኔ ብሆን መዳፌን ለቤቱ ሁሉ ዘርግቼ ይሄ ምንድን ነው ባይ ነበርኩ። ወንድሜ የገባው እንደዚያ ያለ ሰው ቤት ነው። እፍረቱ አልለቀቀኝም፤ ስለ ሳሚ ግን ተኝቼ አድራለሁ።