አራት ልቦለድ በአንድ ካርድ

በሆስፒታሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት የሠራች አንዲት ልብስ ተኳሽ ነበረች። ቀኝ ክንዷ ከግራዋ ይወፍራል፤ የካውያ እጀታ ያወፈረው ነው። ድምጿ ግን ከእንፋሎቱ የቀጠነ ነበር። አለቃ ሲቆጣ አንገቷን ደፍታ የተተኮሰውን አንሶላ መልሳ ትተኩሳለች እንጂ መልስ የሚባል ነገር አታውቅም። «አንቺ እኮ ሰው እግርሽን ቢረግጥሽ ይቅርታ የምትጠይቂው አንቺው ነሽ» እያሉ ያበሽቋት ነበር።

ይህች ሴት ግን ሌሎቹ የሌላቸው አንድ ነገር ነበራት፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው ቤተ መጻሕፍት የአባልነት ካርድ። ካርዱ አራት መጽሐፍ ለሁለት ሳምንት ያስወጣል። እሱን ለማግኘት ደግሞ የቋሚ ሠራተኛነት ደብዳቤ ይጠየቃል። በክፍሉ ካሉት አራት ሰዎች ቋሚዋ እሷ ብቻ ናት። ሌሎቹ በየስድስት ወሩ ውል የሚያድሱ ናቸው፤ አጣፊዋ እማማ እንኳ እዚያ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «ጊዜያዊ» ነበሩ።

ስለዚህ ተኳሿ አራት ልቦለድ ታወጣለች፤ አራቱም ሰዎች አንድ አንድ ይይዛሉ። እማማ ከወንጀል ሌላ አያነቡም፤ ሰው ካልሞተበት መጽሐፍ መጽሐፍ አይመስላቸውም። ማሽኖቹን የሚሞላው፣ ግንዱ እያሉ የሚጠሩት፣ እርጥብ ብርድ ልብስ በአንድ እጁ የሚያነሳ ወንድ፣ የሚያነበው የፍቅር ብቻ ነው። የተቀደደ አንሶላ የምትሰፋው ጠጋኟ፣ የሁለት ልጆች እናት፣ ሰዎች ገና ያልደረሱበትን ዘመን የሚተርክ ትወዳለች። ተኳሿ ራሷ የድሮ ነገሥታትን ታሪክ ትመርጣለች። ስድስት ሰዓት ላይ ማሽኖቹ ሲቆሙ፣ ምሳቸውን በልተው ሲያበቁ፣ እያንዳንዱ እስከደረሰበት ገጽ ድረስ ለሌሎቹ ይተርካል።

«እህሳ እማማ፣ የጥርስ ሐኪሙን ማን ገደለው?» ይላል ግንዱ።

«ባውቅ እዚህ ተቀምጬ የሰው አንሶላ አጥፋለሁ? ረዳቱን ጠርጥሬያለሁ። አበባ ይዞ መጣ። ለሞተ አለቃው አበባ የሚገዛ ሠራተኛ አይተህ ታውቃለህ?»

«ኧረ እማማ! እኔ ለእርስዎ እገዛለሁ።»

«አንተማ ለማንም ትገዛለህ፤ መጽሐፍህ ውስጥ ያለችው የፖስታ ቤት ልጅ ደብዳቤው አልደረሳትም ብለህ ትናንት ማሽኑ ላይ ተደፍተህ ስታለቅስ አልነበር?»

«ሳሙና ገብቶብኝ ነው!»

«ሁለቱም ዓይንህ?»

እንዲህ እየተባለ፣ እያንዳንዳቸው አንድ መጽሐፍ ይዘው አራት ልቦለድ ይኖሩ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ትልቅ ነጭ ወረቀት ተለጠፈ። «አሁን የትኛውን ልቦለድ እያነበባችሁ ነው? ጻፉ፤ ሌላውም አንባቢ ይወቀው» ይላል። ሰው ሁሉ አንድ አንድ መስመር ጽፏል። ተኳሿ ሁለት ጊዜ አለፈችው፤ በሦስተኛው ማንም እንደማያያት አረጋግጣ በክር የታሰረውን እስክሪብቶ አነሳች። እኔ ብቻ ነኝ የማነበው ብሎ መጻፍ ጨርሶ አልታሰባትም። የመጽሐፎቹን ስም ደረደረችና ከየጎናቸው ጻፈች፤ የወንጀሉ፣ አጣፊዋ እማማ፣ ገጽ 112። የፍቅሩ፣ ግንዱ፣ ገጽ 90። የመጪው ዘመን፣ ጠጋኟ፣ ገጽ 61፣ «መርከቧ ወዴት እንደምትሄድ ተሳፋሪዎቹ ረስተዋል።» የነገሥታቱ፣ ተኳሿ፣ ገጽ 204። ቤቷ እስክትደርስ ብቻዋን ፈገግ ትል ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ይፈልግሻል ተባለች። አዲስ የመጣ፣ በዕድሜ ልጇ ሊሆን የሚችል ሰው ነው። ወረቀቱ ከበሩ ተነስቶ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ሊያመሰግናት የጠራት መሰላት።

«ይህን የጻፍሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ ጌታዬ። የእጅ ጽሑፌ ካስቸገረ...»

«ያስቸገረው የእጅ ጽሑፍሽ አይደለም። ካርዱ የማን ነው?»

«የእኔ።»

«ታዲያ ይቺ አጣፊ ማናት? ይሄ ግንዱ የሚሉትስ ምንድን ነው?»

«ምን አይደለም፣ ሰው ነው» አለች። ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ራሷ ደነገጠች።

ኃላፊው ደንቡን አወጣና ዘጠነኛውን ቁጥር አነበበላት፤ ካርድ ለሌላ ሰው አይተላለፍም። ከዚያ ባለፈው ወር የመለሰችውን መጽሐፍ ከመሳቢያው መዘዘ። ጀርባው በሰማያዊ ክር ተሰፍቷል።

«ይሄስ?»

«ቅጠሎቹ እየረገፉ ነበር። ጠጋኟ ናት የሰፋችው። ሦስት ቀን ምሳ ሰዓቷን ነው የፈጀባት።»

«ይሄ በንብረት ላይ ጉዳት ማድረስ ይባላል።»

ጉዳት! እሷ ስትወስደው ሃያ ቅጠል ከውስጡ ወድቆ በላስቲክ ታስሮ ነበር። ያን ጊዜ ጉዳት ያለው ማንም አልነበረም። ተኳሿ ጆሮዋ ጋለ።

«ደግሞስ» አለ ኃላፊው ወንበሩ ላይ ደገፍ ብሎ፣ «የኮንትራት ልብስ አጣቢ ስለ ኮከብና ስለ መርከብ ማንበብ ምን ያደርግለታል? ሳሙና ያቀልለታል?»

አንገቷን ደፋች። የተሸነፈች መሰለውና ድምፁን አለዘበ።

«እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። ሦስቱን መስመር ሰርዢ። ከሥሩ 'አራቱንም የማነበው እኔ ብቻ ነኝ' ብለሽ ፈርሚ። ካርድሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ። ከዚያ ወዲያ ቤትሽ ወስደሽ ለማን እንደምትሰጪ ማን ያይሻል?»

እስክሪብቶውን ወደ እሷ ገፋው።

አነሳችው። ነገሩ ቀላል ነበር፤ ሦስት ጭረት፣ አንድ ፊርማ። ጓደኞቿም ቢሰሙ አይቀየሙም። ካርዱ ከሄደ ግን ስድስት ሰዓት ላይ አራቱም ግድግዳ ሊያዩ ነው። የእስክሪብቶው ጫፍ «አጣፊዋ እማማ» የሚለው ላይ አረፈ። ወዲያው ንዴቱ እንደ እንፋሎት ወጣ። አንብቡ ብሎ ወረቀት የለጠፈው ማን ነው? ጻፉ ያለው ማን ነው? ያነበበውን ሰው አላነበበም በይና ዋሺ፣ ከዚያ እንደ ልብሽ አድርጊ ይባላል? ደንቡ የሚፈልገው ውሸቷን ብቻ ነበር ማለት ነው?

112 የሚለውን ቁጥር ሰረዘች። በላዩ 187 ብላ ጻፈች። ወደ ታች ወረደች፤ የግንዱን 90 ወደ 148፣ የጠጋኟን 61 ወደ 120 ቀየረች። የራሷን ረሳችው።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«በሳምንቱ ገፍተዋል» አለች። ድምጿ አልቀጠነም። «ካርዱን ይያዙት። መጻሕፍቱ ላይ ያለው ማህተም ግን እስከ ሐሙስ ይላል። ማህተሙን የመታችሁት እናንተ ናችሁ፤ ሐሙስ እንመልሳለን።»

ምን አደረግሁ ብላ እሑድን ሙሉ ስትብሰለሰል ዋለች።

ሰኞ ስትነግራቸው ግንዱ ብድግ አለ። «ምን ነበረበት ብትፈርሚ? ሦስት ጭረት! መጽሐፌ ውስጥ ልጅቷ ገና ድልድዩ ጋ እየጠበቀችው ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚመጡትንስ መጽሐፎች ከየት ላገኛቸው ነው?»

ተኳሿ አንገቷን ደፋች። የመለሱለት እማማ ናቸው፤ የያዙትን አንሶላ እንኳ አላስቀመጡም።

«አፍህን ያዝ አንተ! አሥራ አንድ ዓመት በየስድስት ወሩ እዚህ የለሽም ብለው ያስፈርሙኛል። ደመወዝ ነውና ፈርሜያለሁ። በገዛ ዓይኔ ካነበብኩት መጽሐፍ ላይ ደግሞ ልሰረዝልህ? እሱን ማን ቀጥሮኝ?»

ግንዱ ቁጭ አለ። መጽሐፉን ከጋዋኑ ኪስ አወጣና «ያውላችሁ፣ ሦስት ቀን ነው ያለን» አለ። እነዚያን ሦስት ቀናት ትረካ ቀረ፤ ሁሉም በየፊናው አንገቱን ቀብሮ ገጽ ሲገልጥ ሰነበተ።

ሐሙስ በምሳ ሰዓት አራቱም ልብስ ሳይቀይሩ፣ ከነጋዋናቸው፣ መንገዱን ተሻገሩ። መዝጋቢዋ ልጅ እጇን ለተኳሿ ዘረጋች፤ ተኳሿ ወደ ጎን ፈቀቅ አለች። እያንዳንዱ የራሱን መጽሐፍ በራሱ እጅ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ይሄን ያነበብኩት እኔ ነኝ» አለ ግንዱ። ዓይኑ ቀልቷል፤ ሳሙና ግን አላነሳም።

«ይሄን እኔ» አለች ጠጋኟ። «ሽፋኑ ሊለቅ ነው። እኔ አልነካሁትም፤ ጉዳት እንዳይሆንብኝ።»

የመጨረሻው ተራ የእማማ ነበር። «ይሄንን እኔ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ገዳዩን ማወቅ ከፈለግሽ ልንገርሽ፣ ያ አበባ ይዞ የመጣው...»

«እባክዎ እማማ!» ብሎ ጮኸ ከኋላ ተሰልፎ የነበረ ሰው። «እኔ ገና ልወስደው ነው!»

ኃላፊው ከመስታወቱ ጀርባ ብቅ አለ። «ጸጥታ! እዚህ አይወራም!»

ተኳሿ ዞር ብላ አየችው። ከሁሉም ይልቅ ያበሳጫት ድምፁን ከፍ ማድረጉ አልነበረም፤ የአንዳቸውንም ፊት ሳያይ መናገሩ ነበር።

«እንወጣለን» አለች። «ካርዱን ነው እንጂ አፋችንን አልወሰዱብንም።»

ከዚያ እማማን ክንዳቸውን ይዛ ደረጃውን ወረደች። መንገዱን ሳይሻገሩ ግንዱ ልጅቷ ድልድዩ ጋ ምን እንደገጠማት መተረክ ጀምሮ ነበር።